መኪናው ያልመጣበት ሰኞ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአብዱሰላም፣ ካለህበት ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። እንዴት ነህ? ያ ሲያስቸግርህ የነበረው ወገብህ ተሻለህ ወይ? ፆሙንና ዒዱን እንዴት አሳለፍክ? ከማን ጋር ዋልክ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም በሕይወት አለን። እናታችን ጉልበቷን ይዟት ቁጭ ብላ ብትሰግድም ስምህን ሳትጠራ ዱዓዋን አትጨርስም። አባባም ደህና ናቸው።

ባለፈው በስልክ «ሥራዬን ትቼ ልምጣና ከናንተ ጋር ሽንኩርት ላልማ» ብለኸኝ ነበር። መልሱ በስልክ የሚዘለቅ ስላልሆነ፣ ጎረቤታችን ጋሽ አብዱልሀኪም ለሐጅ ሲመጡ ይህን ደብዳቤ በእጃቸው ልኬልሃለሁ።

አንተ ከሄድክ በኋላ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከአዲስ አበባ አንድ ድርጅት መጣ። ዘላለም የሚባል የእርሻ ባለሙያ ልኮ ሰዉን መስኖው ዳር ሰበሰበ። ዘላለም ትሑት ልጅ ነው፤ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ከሰው እኩል ይሠራል። «ዓለም አሁን የሚሠራው እንዲህ ነው» አለን። «ደላላ የለም፣ መጋዘን የለም። ሽንኩርቱ ዛሬ ከማሳ ይወጣል፣ ነገ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ይደረደራል። መቼ እንደምትነቅሉ፣ ምን ያህል እንደምትነቅሉ በስልክ መልእክት ይደርሳችኋል።» እኔ አስረኛ ክፍል ስለደረስኩ ሰብሳቢ አደረጉኝ። መልእክቱን ለሠላሳ አንድ አባወራ የማደርሰው እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ዓመት፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ጥሩ ነበር። መኪናው በተባለው ሰዓት ይደርሳል፤ ሽንኩርቱ በላስቲክ ሳጥን ተደርድሮ ይጫናል። ገበያ ቆሞ ፀሐይ የሚመታው ሰው ቀረ። እኔም ኩራት ቢጤ ገባኝ።

ሌላው ነገር ቀስ እያለ ሲሞት ግን ልብ ያለ አልነበረም። ሸዋ ሮቢት ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ሽንኩርታችንን የገዙትን እትዬ እቴነሽን አትረሳቸውም። ሰፊው መጋዘናቸው ባዶውን ቢቀር ዘጉትና አጣዬ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ልሰናበታቸው ብሄድ፣ «ልጄ፣ እኔ ዋጋ ባሳንስ ባሳንስ ቀርቼባችሁ አላውቅም» አሉኝ። ቅያሜ መስሎኝ ስቄ ተለየኋቸው። አህያ ያለውም አህያውን ሸጠ። ዘር ከቤት ማስቀረትም ተረሳ፤ ዘሩን የሚያመጣው ድርጅቱ ነዋ።

የማሽላውን መሬት ለሽንኩርት አልሰጥም ብለው የቆዩት አባባ ብቻ ነበሩ። «በስልክ የሚጠራ እህል አላምንም» ይሉ ነበር። የወተወትኳቸው እኔ ነኝ። «ማሽላ ከገበያ ገዝተን እንበላለን» አልኳቸው። አምና የዘር ጊዜ ሲደርስ እሺ አሉኝ። የእህል ጉድጓዱ ውስጥ የነበረውን ማሽላ አውጥተን ጨረስነው፤ በቦታው የተካነው የለም። መንደሩም ከላይ እስከ ታች እንዲሁ አደረገ።

ዘንድሮ በግንቦት መጨረሻ መልእክት ደረሰኝ። እሁድ ንቀሉ፣ ሰኞ ጠዋት መኪና ይመጣል ይላል። ቤት ለቤት ዞሬ ተናገርኩ፤ ሁሉም ነቀለ። ሰኞ ጠዋት ሳጥኑ መንገድ ዳር ተደርድሯል፣ መኪና የለም። ከሰዓትም የለም። ለዘላለም ብደውል፣ «እኔም ግራ ገብቶኛል። ትእዛዙን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው፤ ተራችሁን ለሌላ አካባቢ ሰጥቶታል አሉኝ» አለኝ። ማክሰኞ ስልኩ ዝግ ሆነ። የቆላውን የግንቦት ፀሐይ ታውቀዋለህ። ሐሙስ ዕለት የሽንኩርቱ ሽታ መስጊድ ድረስ ይሰማ ነበር። አንስተን የምናስገባበት መጋዘን የለም። ሰዉ ቤቴ ይመጣል፤ አይቆጣኝም፣ ቁጭ ብሎ ስልኬን ያያል። ከስድብ የከበደኝ እሱ ነው።

አርብ በማለዳ አጣዬ ሄድኩ። እትዬ እቴነሽ በር ላይ ሲያዩኝ፣ ገና ሳልናገር ነጠላቸውን አነሱ። ለድሮ ደንበኞቻቸው ደውለው አንድ አይሱዙ አገኙልኝ። አብረውኝ መጥተው ከብስባሹ ውስጥ ደህና ደህናውን በእጃቸው ለዩ። ሲሶውን አተረፍን፤ የቀረውን ቆፍረን ቀበርነው። መኪና ሲሳፈሩ፣ «ከእንግዲህ እኔን አትጠብቁ። የምደውልላቸው ሰዎችም ንግዱን እየተዉት ነው» አሉኝ።

በሳምንቱ ዘላለም በእግሩ መጣ። «እኔንም ያሰናበቱኝ በስልክ መልእክት ነው» ብሎ አባባን ይቅርታ ጠየቃቸው። አባባ ውኃ አስመጡለት።

አሁን ነሐሴ ገባ፤ ዝናብ የለም። የሮቢ ወንዝ ድንጋዩ አግጥጧል። ማሽላ ከገበያ እየጠፋ ነው። እናታችን በየጠዋቱ «አልራበኝም» ማለት ጀምራለች።

በዚህ መሐል ሌላ ድርጅት መጣ። የሚፈልገው ማሾ የሚሉትን አረንጓዴ ጥራጥሬ ነው። ዘር እሰጣለሁ፣ እስኪደርስም ስንዴ እሰጣለሁ ይላል። ጥሪው አሁንም በስልክ ነው። ሰብሳቢ ሁኚ ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ ታናሻችን ሱፍዋን እሺ አለ። ትናንት ሰዉ ተሰልፎ ፈረመ። ምን ያድርግ? ስንዴው እዚያው ተከምሮ ያየዋል። አባባም ተሰለፉ። እጃቸውን ይዤ «አባባ፣ ይቅርብዎ» ብላቸው፣ «ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን ወዴት ልመለስ?» አሉኝ። ጸሐፊው በቤቱ ስንት የሚሠራ ሰው እንዳለ ጠየቃቸው። «ሦስት፤ እኔ፣ ሱፍዋንና አብዱሰላም» ብለው አውራ ጣታቸውን አተሙ።

ወንድሜ፣ ናም ቅርም አልልህም፤ ያንን የማለት አፍ የለኝም። ሳታውቅ እንዳትነሳ ብዬ ነው።

እናታችን ዓይንህን ሳላይ አልሙት ትላለች። ባለቤትህ ሐጂራ አጠገቤ ተቀምጣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ ብላኛለች። ልጅህ ኢልሀም ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች። ሱፍዋን ሰላም ብሎሃል። አባባም ሰላም ብለውሃል፤ መቼ እንደምትመጣ ቁርጡን ጠይቂው አሉኝ፣ የፈረሙበት ወረቀት ላይ ድርጅቱ የምትደርስበትን ቀን ይፈልጋልና።

እህትህ ራህመት
ቀወት፣ ሸዋ ሮቢት አጠገብ
ነሐሴ ፭ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም.