የወይዘሮ ዘነበች ቃል

ለናፈቅሽኝ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ብርዱን እንዴት ቻለው? ጥጃይቱስ ጠናች? እኔ እዚህ ደብረ ታቦር በጤና አለሁ፤ በሰላም ግን አይደለሁም። እህቴ ጽጌ፣ ይህን በአገውኛ እየመለስሽ ስታነቢላት እንደ ልማድሽ እየዘለልሽ አትሂጂ። የሚያሳፍረኝንም ንገሪያት።

ባለፈው ወር ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ መበለት ከእብናት ማዶ፣ ከእኛው አገር መጥተው የባላቸውን ወንድም ፋንታውን በመሬት ከሰሱ። አማርኛ አይሰሙም። የችሎቱ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም፣ ለማይሰማ ሰው አስተርጓሚ ይቁምለት ይላል ሕጉ። አስተርጓሚ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ በቀጠሮ ተመለሱ። በሦስተኛው ፋንታው አንድ ወዳጁን ይዞ መጣ፤ ሰውየውም መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ማለ።

ሴትዮዋ «ለእኩል አርሶ ምርቱን እንዲያካፍለኝ ሰጠሁት እንጂ መሬቱን አልለቀቅሁለትም» አሉ። ሰውየው «ለቅቄለታለሁ ብለዋል» ብሎ ተረጎመ። እኔ የችሎቱ ጸሐፊ የእሳቸውን በጆሮዬ ሰምቼ የእሱን ጻፍኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ ስል ኖሬ፣ ያን ቀን አገውኛ አውቃለሁ ማለት ሞት መሰለኝ። አምና ቢሮዬ ድረስ መጥተሽ በአገውኛ ስትጠሪኝ በአማርኛ የመለስኩልሽም ለዚሁ ነው። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ለፋንታው ተፈረደ። ሴትዮዋ ሲወጡ ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ ብለው በአገውኛ «ልጄ፣ ምን ብለው ፈረዱልኝ?» አሉኝ። ቋንቋቸውን እንደማይሰማ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሩ ሰው፤ የእኔ ግን ነቀዘ እናቴ።

አሥራ ሁለት ቀን እህል አልወርድ ብሎኝ ከረመ። በመጨረሻ ዳኛው ዘንድ ገብቼ ተናገርኩ። «አንተ በምን ዐወቅህ?» አሉኝ።

«የእናቴ ቋንቋ ነው» አልኩ።

የሆነውን ጽፌ ፈረምኩ፤ ሴትዮዋ ይግባኝ ካሉ ለሚያየው ፍርድ ቤት ይላካል ተብሏል። ወይዘሮ ዘነበችንም እብናት ገበያ ፈልጌ አገኘኋቸውና ሁሉን በአገውኛ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «ያኔ ብትናገር ምን ነበረበት?» ብቻ አሉኝ።

አገውኛ መጻፍ ማንም አላስተማረኝምና በአማርኛ ስለጻፍኩልሽ ይቅር በይኝ። ማሳችንን ዘንድሮ ለእኩል አራሽ አትስጪው፤ የአባቴንም ሞፈር ለማንም አታውሺ። ከሰኔ በፊት እመጣለሁ።

እስክደርስ ጸሎትሽ አይለየኝ፤ አንቺንም እሱ በዕድሜ በጤና ያቆይልኝ።

በአገውኛ ስትጠሪው «አቤት» የሚልሽ

ልጅሽ