ወንበሬን የነጠቀኝ ስጦታ

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ከነጭቅጭቄ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ምድጃሽስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ግን ከእኔ ጋር አይስማማም።

ከሁሉ በፊት አቤቱታ አለኝ። የሥራ ወንበሬ መዞር ተወ። ያ ስንት ዘመን እንደ ሹም ሲያሽከረክረኝ የኖረ ወንበር እንደ ጉቶ ተገትሯል። መፍቻ ለማንሣት መነሣት፣ ደንበኛ ለማነጋገር መነሣት፣ ሬዲዮ ለመዝጋት መነሣት! በዚህ ዕድሜዬ ስፖርተኛ ሆኜ አረፍኩት። ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ፤ እንዴት እንደሆነ ቆይተሽ ትደርሺበታለሽ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለበዓሉ የታዘዙልሽን ኬኮች ካስረከብሽ በኋላ ምድጃውን ሸጠሽ ሱፐርማርኬት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ልትሆኚ ነው። ሥራው ሰልችቶሽ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ግን ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «እናቴ የማትቀምሰውን ለማን ብዬ አስጌጣለሁ?» ብለሻል። የመድኃኒት ወረቀትም እንዲሁ ነው፤ ዋናውን ነገር በደቃቁ ይጽፉታል።

ስለዚህ ቁርጤን ልንገርሽ። ያ ምድጃ አይሸጥም። ገዢ ከመጣ ጠግኖ የሚያበላሸውን አጎትሽን ጥሪ።

ምድጃ የሚያስሸጥ ተስፋ መቁረጥን የሚያባርር የበዓል ስጦታ ፍለጋ ወጣሁ። ለኬክ አስጌጭ ምን ይሰጣል ብዬ መንደሩን ባማክር መከራዬን አየሁ። መጽሐፍ ሻጩ የኬክ አሠራር መጽሐፍ ዘረጋልኝ፤ ለዓሣ ዋና ማስተማሪያ እንደ መስጠት ማለት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ «ሽርጥ ግዛላት» አለኝ። አንቺ እንደሆነ ሽርጥ ብትለብሺም ዱቄቱ ጆሮሽ ውስጥ ነው የሚገኘው። የዕቃ መደብሯ ሴትዮ የቅርጽ ማውጫዎች፣ የሚያብረቀርቅ ዱቄትና ዕንቁ የመሰሉ የስኳር ፍሬዎች አሳየችኝ። እውነቷን ነው፣ ያምራሉ። ግን እሷ አንቺን ሥራ ላይ አላየችሽም።

እኔ አይቼሻለሁ። አንቺ ዘንድ የመጣሁ ጊዜ ኬኩ እንደ እንግዳ ጠረጴዛው ላይ ተጎልቶ፣ አንቺ የክሬም ከረጢትሽን ይዘሽ እንደ ውቂያ በሬ ዙሪያውን ስትዞሪ ነበር። አጎትሽ በሕይወት እያለ ኬኩ ይዙር እንጂ አንቺ ለምን ትዞሪያለሽ? ገበያ ያሉት ማዞሪያዎች ላስቲክ ናቸው፤ ገፋ ሲያደርጓቸው ይንገዳገዳሉ። ኩሽኔታ፣ ያ እንደ ልብ የሚያሽከረክረው ባለ ጥይት ብረት፣ ያለው ጠንካራ ነገር ያስፈልግ ነበር። እንደዚያ ያለ ኩሽኔታ ደግሞ በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ የምቀመጥበት።

አሁን ወንበሬ ለምን እንደቆመ ገባሽ።

ኩሽኔታውን ፈትቼ ከላዩ ክብ እንጨት ገጠምኩበት፣ ላግኩት፣ ዘይት አጠጣሁት። በአንድ ጣት ብትነኪው ድምፅ ሳያሰማ ይዞራል። ሳይሞከር አይላክም ብዬ ደግሞ ራሴ ኬክ አስጌጭ ሆንኩ። ክሬም መምታት አላውቅም፤ ጀሶ ማቡካት ግን ማን ብሎኝ! የተደፋ ድስት ማዞሪያው ላይ አስቀምጬ ኬክ እንዲመስል ጀሶ ለቀለቅኩት፤ ከአሮጌ ሸሚዜ እጅጌ ከረጢት ሰፍቼ ጫፉ ላይ ቆርቆሮ ሰካሁና ጀሶውን ሞላሁበት። አንቺ ከላክሽልኝ ፎቶ እያየሁ ያንን የተያያዘ የቅጠል ሐረግ ድስቱ ጠርዝ ላይ አዞርኩት። ከእናትሽ የጠረጴዛ ልብስ ጥልፍ የሰረቅሽውን ሐረግ ማለቴ ነው፤ ዐይኔ አያይም መሰለሽ? ቅጠሉ ሰመረልኝ። አናቱ ላይ ትልቁን ጽጌረዳ ጨርሼ ሌላ ልጀምር ስል ከረጢቱ በስፌቱ ተተርትሮ ጀሶው ጢሜ ላይ አረፈ። ጽጌረዳው እንዲደርቅ ከነድስቱ በመንገዱ በኩል ያለው መስኮት ላይ፣ የተተረተረውን ቡትቶ ከረጢትም ከጎኑ አኑሬ፣ የጠገንኩትን ማራገቢያ ለባለቤቱ ላደርስ ወጣሁ።

ልብስ ሰፊዋ እናትሽን ታውቂያታለሽ። «ጥልፌን እስከ ማታ ተበልቶ ለሚያልቅ ነገር አዋረደችው! የሷን ኬክ ከቀመስኩ ምላሴ ይድረቅ!» ብላ ከማለች ወዲህ፣ እኔንም የልጅቷ ጠበቃ ነህ ብላ ደጄን ረግጣ አታውቅም። ገበያ ስትሄድ የምታልፈው ግን በመስኮቴ ሥር ነው፤ አንገቷን ወደ ማዶ አዙራ።

ስመለስ ከረጢቱ የለም። ጽጌረዳው ላይ ደግሞ ሰው ጣቱን ሰዶ ዛቅ አድርጎበታል፤ ጀሶው የጣቱን ምልክት እንደያዘ ደርቋል።

መጀመሪያ ድመቷን ጠረጠርኩ። ቀጥዬ ፀጉር አስተካካዩን ጠርቼ ጣቱን ለካሁት። የሱ ጣት እንደ ሙዝ ነው፣ አልገባም። «ሰውዬ፣ ጤና አጣህ እንዴ?» ብሎኝ ሄደ። ኋላ በአጉሊ መነጽሬ ባየው፣ በጣቱ ምልክት መሃል ለመሃል ሰረዝ ወርዷል። የስፌት መኪና መርፌ በስቶት የዳነ ጣት እንዲህ ያለ ሰረዝ ይኖረዋል። መርፌው የበሳት ቀን ከተወጋችው ይልቅ አምርረሽ ያለቀስሽው አንቺ ነበርሽ፤ ትንሽ ልጅ ሆነሽ፣ ቀሚሷ ላይ ተጠምጥመሽ።

ከዚህ በላይ አልናገርም። ጽጌረዳውን በጥጥ ጠቅልዬ ከማዞሪያው ጋር ካርቶን ውስጥ ከትቼልሻለሁ። እንዳትበዪው፤ አይተሽ ብቻ አስቀምጪው። ካርቶኑን የሚያደርስልሽ ሾፌር ነገ በጠዋት

ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

መጣሁ። እናትሽ ናት! ሰላም ሳትለኝ ገባችና ያቺን የማትዞር ወንበሬን ያዘቻት። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ሸሚዜ ውስጥ ደብቄያለሁ፤ አሁን ውሃ ልትጠጣ ጓዳ ስለገባች ነው ቶሎ ቶሎ የምጽፍልሽ።

የጠፋውን ቡትቶ ፊቴ ላይ ወረወረችብኝ። «ልጄ በዚህ ነው እንዴ የምትሠራው? አጎት ተብዬ! ዝም ብለህ ታያለህ?» አለችኝ። ከዚያ ከቦርሳዋ የተተኮሰ የነጭ ሸራ ከረጢት አወጣች፤ ስፌቱ ድርብ፣ ጫፉ የተጠናከረ፣ አፉ ላይ የቅጠል ሐረግ የተጠለፈበት። «ከኔ ነው እንዳትላት» አለችኝ። እኔም አላልኩም።

ደግሞ እንዲህ ብለህ ጻፍላት ብላኛለች፤ «ቅጠሉ ልክ ነው፤ ክሬሙ ግን ስኳር አንሶታል፣ ምላስ ያደርቃል። ለበዓሉ አስተካክላ ትላክልኝ፤ እስቲ ደግሜ ልየው።»

ስለ ጀሶው አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ አንቺም እንዳትተነፍሺ። እንግዲህ ትዕዛዝ ደርሶሻል፤ ምድጃሽን አሙቂ።

እጅሽ አይዛል፤ ቤትሽ ከጣፋጭ ሽታ አይለይ፤ ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ውሃ ጨርሳ እየመጣች ነው።

ወንበሩን ተነጥቆ ቆሞ የጻፈልሽ፣
አጎትሽ