እማዬ ኦፔራ ያየች ቀን

እሑድ፣ መጋቢት 6

ዛሬ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ፣ ነጠላዋን እንደለበሰች ኦፔራ ልታይ መጣች። እህቴ ከስኔልቪል ከተማ ነድታ በሩ ላይ ድሮፕ አድርጋት ሄደች። ሥራዬ ከመድረክ ጀርባ መሆኑን፣ ከታየሁም ጥፋት መሆኑን ሺህ ጊዜ ነግሬያታለሁ። እሷ ግን ጥቁር በጥቁር ለብሼ በወጣሁ ቁጥር "ደግሞ ማን ሞተ?" ማለቷን አልተወችም።

ከሥራ ባልደረባዬ ከዴቪድ ጋር የመድረኩን የእንጨት ቤተ መንግሥት ስንገፋና ስናዞር ዋልን። ትርኢቱ አለቀ፤ ዘፋኞቹ ወጥተው እጅ ነሱ፤ ሰዉም ሄደ። ግድግዳውን ለመፍታት መጋረጃውን ስንከፍት፣ ባዶው አዳራሽ መሃል አንዲት ነጭ ነጠላ ቁጭ ብላለች።

"እማዬ፣ አልቋል እኮ! ምን ትሠሪያለሽ?" አልኳት፣ ፊቴ እየጋለ።

"ሁሉም እየወጡ ሲጨበጨብላቸው አንተ ቀረህ። ትወጣለህ ብዬ ነዋ የምጠብቅህ።"

ዴቪድ ምን አለች ብሎኝ ነገርኩት። ይስቃል ስል፣ "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ቦው አድርግላት" አለኝ። እንዴት አባቴ ልጎንበስ? የያዝኩትን ግድግዳ ከለቀቅኩት ይወድቃል።

"እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አልኳት።

ብቻዋን ታጨበጭባለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ብድግ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ቤት የሚሠሩ ሰዎችን በመንገድ ስታልፍ እንደምትለው፣ "በርቱ ልጆቼ! እግዜር ያበርታችሁ!" አለችን።

ሁለት እጄ ግድግዳው ላይ እንዳለ "አሜን" አልኳት።

ዴቪድም ምን እንደተባለ ሳያውቅ "አሜን" አለ።