ምሰሶውን የቀየርን ሰሞን

ሰኞ፣ ግንቦት 22 ቀን 1930

የቤታችን ምሰሶ ውስጡ ባዶ ነው! የጣሊያን ካሚዮን በላይኛው መንገድ ባለፈ ቁጥር ከሥሩ አፈር ሲፈስ አይ ነበር፤ አይጥ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ዛሬ ስጠርግ በመጥረጊያው እጀታ ነካ ባደርገው ሰርስሮ ገባ። ምስጥ በልቶ ጨርሶታል። ያ ሁሉ ሣር፣ ያ ሁሉ እንጨት በዚህ ላይ ተጭኖ በምን እንደቆመ እግዚአብሔር ይወቅ። ክረምቱ ደግሞ ደረሰ።

የአማቴ የእማማ ድንቄ መደብ ከምሰሶው ሥር ነው። «እማማ፣ እዚያ አይተኙ» ብላቸው «ልጄ ያቆመው ምሰሶ እኔን አይጥልም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ልጃቸው ባሌ ነው። የት እንዳለ እዚህ አልጽፍም። ከወጣ ወዲህ ወሬው የለም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 23

አናጢ ብጠራ «አባወራው የት ሄደ?» መባሉ አይቀርም፤ ኮልፌ ውስጥ የባንዳ ጆሮ ሞልቷል። ለደቦ የሚሆን ወንድ የለም፣ ግማሹን ጣሊያኖች ለመንገድ ሥራ ወስደውታል። ጨነቀኝና እንጨት ሻጯ ጎረቤቴ እትዬ ጫልቱ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። እሷ እቴ ትስቃለች!

«እኛስ ምን ሆነን? ባሌ ከሞተ ወዲህ የእኔን ቤት ምሰሶ ማን የቀየረው መሰለሽ?»

ንዴቴ ቶሎ ነው፤ የምትቀልድብኝ መስሎኝ ክፉ ተናገርኳት። እጄን ይዛ ቤቷ አስገባችኝ። ቀጥ ያለ የጽድ ምሰሶ፣ አናቱ ላይ የጣራው ወራጆች ሁሉ ገጥመው ተቀምጠዋል። ከምራቶቿ ጋር ነው ያቆመችው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስንት ጊዜ እዚህ ቤት ቁጭ ብዬ ወሬ ሳወራ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁም!

ሐሙስ እመጣለሁ አለችኝ። ግን ቃል አስገባችኝ። የምድጃው እሳት ይጠፋል። ሰው ሁሉ ይወጣል። ድጋፉ ክብደቱን ሳይዝ አሮጌው አይነካም። ቀሚስ በመቀነት ይታሰራል። «መሞት ካማረሽ ለብቻሽ ሙቺ፣ እኔ ቤት ላቆም ነው የምመጣው» አለች።

እማማ ድንቄ ግን እምቢ አሉ። ጀርባቸውን ምሰሶው ላይ ለጥፈው «ምሰሶ ስትነቅሉ ያየ ሰው ልጅሽ ሞተ ነው የሚለኝ። ከነነፍሴ ቅበሩኝ!» አሉ። እኔም የምፈራው እሱኑ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 24

ተክለ ሃይማኖት ስለሆነ ሥራ የለም። እኔና እማማ ተኳርፈን ዋልን።

ወደ ማታ ግን የስፌት ወስፌዬን አንሥቼ፣ እሳቸው እያዩ፣ ምሰሶውን ወጋሁት። እስከ እጀታው ገባ። ነጥቀውኝ ራሳቸው ሌላ ቦታ ወጉ። ገባ። ከፍ አድርገው ወጉ። ያም ገባ። ከዚያ ቁርበታቸውን ጠቅልለው በሩ አጠገብ አነጠፉ። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 25

ድካም ሳይጥለኝ ልጻፈው።

እትዬ ጫልቱ ሁለት ምራቶቿን አስከትላ በጠዋት መጣች። ለራሷ በረት ያስቀመጠችውን ጽድ ሰጠችኝ፤ «ሲሞላልሽ ትተኪልኛለሽ» አለች። ምስጥ እንዳይደፍረው ሥሩን በእሳት አጠቆርነው። እማማን ደጅ በርጩማ ላይ አስቀምጣ «እርስዎ ጉልላቱን ይጠብቁ። ካዘነበለ ይጩኹ» አለቻቸው። ሥራ ማግኘታቸው ደስ ያላቸው መሰለኝ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ባላ ያላቸውን ድጋፎች ከወራጆቹ ሥር ዙሪያውን አቆምን። እግራቸው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በድንጋዩና በእንጨቱ መሐል ሽብልቅ፣ ጫፉ የሳሳ የእንጨት ስባሪ። ድጋፉ ክብደቱን እንዲይዝ ሽብልቁን በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ነው፣ አንዴ በዚህ፣ አንዴ ከፊት ለፊት። እኔ የት ትዕግሥት አለኝ! ተራዬን ሳልጠብቅ የራሴን ደጋግሜ አጮልኩት። ጣራው ሲንቋቋ ከደጅ «ወደ ወንዙ አጋደለ! ወደ ወንዙ! ውጡ!» የሚል ጩኸት ሰማን። እትዬ ጫልቱ በመቀነቴ ጎትታ አወጣችኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ከጣራ ጋር ትጣያለሽ?» ብላ ሰደበችኝ። የሚገባኝ ነው። እስኪረጋ ደጅ ጠበቅን፤ ከዚያ የእኔን ሽብልቅ ቀስ አድርጋ መለሰችና ተራ በተራ እንደገና ጀመርን። ቀስ። ቀስ። እማማ ከደጅ «ቀና አለ… ጥቂት… በቃ!» ይላሉ።

ከዚያ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልጻፍ? ጣራው ተነሣ። ሙሉ ጣራ! ከምሰሶው አናትና ከወራጆቹ መሐል ጣት የምታስገባ ክፍተት ታየችና ብርሃን ገባባት። በአራት ሴት እጅና በእንጨት ስባሪ። እትዬ ጫልቱ እንኳ፣ ቀድሞ የሠራችው፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አቤት አምላኬ፣ ይህ ጉልበት እጃችን ላይ ነበር እንዴ?

አሮጌውን ስንጎትተው ወገቡ ላይ ተሰብሮ በአፈር ሞላን። እትዬ ጫልቱ በኦሮምኛ «ኮታ! ኮታ!»፣ ኑ ኑ፣ እያለች ስትጣራ ምራቶቿ ጽዱን ይዘው ገቡ። አቆምነው፣ በአመድና በድንጋይ ጠቀጠቅነው፣ ሽብልቆቹንም እንደ አገባባቸው ተራ በተራ አላላን። ጣራው ቁጭ አለበት። «ቋ» የሚል ድምፅ ብቻ ሰማን።

ዓርብ፣ ግንቦት 26

ትከሻዬ አልታዘዝ ብሏል። የሰፈሩ ሴቶች ለማየት መጡ፤ አንዷ የእሷም ቤት አፈር ያፈስሳል አለች። ወስፌውን አውሼ ሰደድኳት። እማማ ግን ቁርበታቸውን ከበሩ አላነሡም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 27

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ነፋሱ ጣራውን ሊያነሣው ታገለ። ሁለታችንም በሩ ሥር ኩርምት ብለን ምሰሶውን እናያለን። አልነቃነቅ አለ።

ዝናቡ ሲያባራ እማማ ተነሥተው መዳፋቸውን ጽዱ ላይ አሳረፉ። «ልጄ መጥቶ ይህን ማን አቆመው ቢለኝ ምን እለዋለሁ?»

«ሚስትህ ናት ይበሉት።»

«እሷማ ልትጥለው ነበር። ጉልላቱን የያዝኩት እኔ ነኝ እለዋለሁ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ።

ይመጣ እንደሆነ አላውቅም። እሳቸው ግን መደባቸው ላይ፣ ምሰሶው ሥር፣ ቁርበታቸውን አንጥፈው ተኝተዋል፤ ይህን ስጽፍ አሁንም ብቻቸውን ሲስቁ ይሰማኛል።