ሰንበሌጥ ፈተናውን አለፈ

ለምወድሽ እኅቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? አባባን ያ ሳል ለቀቃቸው? የእማማ ዓይንስ? ልጆችሽ አደጉልሽ? እኔ አካሌ ደኅና ነው፤ ልቤን ግን ደኅና ነው ብዬ አልዋሽሽም።

የምትጠብቁትን ወሬ ላስቀድም። የመጨረሻውን የሙያ ፈተና አልፌያለሁ። ከእንግዲህ ወዲያ የኩባንያን ዋጋ አጥንቼ ብፈርም ፊርማዬ ይታመናል። እማማ እልል ትበል፣ ይገባታል። ለእኔ ግን ደስታው አልመጣልኝም፤ ምክንያቱን ላንቺ ልንገርሽ፣ ለእነሱ ቀስ ብለሽ ታወሪያቸዋለሽ።

በምሠራበት፣ ኩባንያ ሲገዛና ሲሸጥ በሚያማክረው ኢንቨስትመንት ባንክ ውስጥ ከአጠገቤ የሚቀመጥ ጓደኛ ነበረኝ። ቁመቱ ረዝሞ ሥጋ ስላልጠጋው ሰንበሌጥ እንለው ነበር፤ እሱም ስልክ ሲያነሣ “ሰንበሌጥ ነኝ” ይላል። ለፈተናው ያጠናነውም የተፈተንነውም አብረን ነው። ውጤት እየጠበቅን ሳለ ባንካችን አንድ ኩባንያ ሌላውን የሚገዛበትን ትልቅ ስምምነት ያዘ። እኛ ጀማሪዎቹ ዋጋውን ስናሰላ፣ አለቆች ሲያስለውጡን፣ እንደገና ስናሰላ፣ ቤታችን ልብስ መቀየሪያ ብቻ ሆነ። ሰንበሌጥ ደረቴን ያዘኝ ቢል አለቃችን “ስምምነቱ ይፈረም እንጂ እንደ ልብህ ትተኛለህ” አለው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሻይ ላምጣልህ ብዬው ወጣሁ። ስመለስ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቷል። እንቅልፍ መስሎኝ፣ ትንሽ ይረፍ ብዬ፣ ሻዩን ድምፅ ሳላሰማ አስቀመጥኩለት። እታለም፣ ይህችን እንዴት እንደምሸከማት አላውቅም።

ስምምነቱ በቀብሩ ቀን ተፈረመ።

ከቀናት በኋላ እናቱ ዕቃውን ሊወስዱ መጡ። ኮቱንና መነጽሩን ካርቶን ውስጥ ከተትኩላቸው። ስልኩን ከቦርሳቸው አውጥተው “መልእክት መጥቶበታል፤ እስቲ አንብብልኝ” አሉኝ። የፈተናው ውጤት ነበር። “አልፏል ይላል” አልኳቸው፤ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። “አይዞህ ልጄ፣ ገብቶኛል” ብለው እኔኑ ያባብሉኝ ጀመር። ቆየት ብለው ሥራችን ምን እንደነበር ጠየቁኝ። አንዱ ኩባንያ ሌላውን እንዲገዛ ማገዝ ነው አልኳቸው።

“ታዲያ ገዛው?”

“ገዛው።”

ካርቶናቸውን አቅፈው ሄዱ።

ኋላ አሟሟቱን የሚያጣሩ መርማሪዎች መጡ። አለቃዬ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ልቡ ድሮም ታማሚ ነበር፣ ማንም አላስገደደውም በል አለኝ፤ ዕድገቴም መዘጋጀቱን ጣል አደረገልኝ። እኔ የሰማሁትን እንደሰማሁት ተናገርኩ። ዕድገቱ ቀረ፤ ከዚህ ወር በኋላ አትመጣም ተብያለሁ። ባንኩ ጠበቃ አቁሟል፤ ጉዳዩም ገና አልተቋጨም። ጓደኞቼ ሊፍት ውስጥ ሲያገኙኝ ስልካቸው ላይ ያቀረቅራሉ። አልፈርድባቸውም፤ የሚያሳድጉት አላቸው። ለእኔ አትጨነቂ፤ አንድ የዱቄት ፋብሪካ በሒሳብ ሠራተኛነት ሊቀበለኝ ነው።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እማማን አገላብጠሽ ሳሚያት፤ ከስቷል ወይ ብላ ብትጠይቅሽ ወፍሯል በያት። ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ንከሺልኝ። ታናሿ እኅታችን የእኔን ሙያ ልማር ማለቷን ሰምቻለሁ። አትከልክያት፣ ጎበዝ ናት። ብቻ ሥራ ስትገባ ቶሎ ቶሎ ደውዪላት። ሳታነሣ ብትቀር ሥራ በዝቶባት ነው ብለሽ አትተዪያት፤ ደግመሽ ደውዪ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ ኅዳር 12 ቀን