የሰናይት መርዶ

ማክሰኞ

የሰናይት እናት አርፈዋል፤ እሷ አታውቅም። ወንድሟ ከደሴ ደውሎ ለእኔ ነገረኝ። «በስልክ እንዳትሰማ። ሰው ሰብስባችሁ በወጉ አርዷት» አለኝ። እሺ አልኩት። ስካርቦሮ ቤቴ እስክደርስ ግንባሬን የአውቶቡሱ መስኮት ላይ አስደግፌ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሶፍት ሰጠችኝ።

እዚህ አገር መርዶ የሚሆነው ቅዳሜ ማለዳ ነው። ሌላ ቀን ሁሉም ሺፍት አለው። ሰናይትም ቅዳሜ ከምትሠራበት ሆቴል ላውንደሪ ኦፍ ናት። እስከዚያ መደበቅ ነው። የሚያስፈራኝ ፌስቡክ ነው። አንዱ የአክስት ልጅ የእናትየውን ፎቶ ከሻማ ጋር ቢለጥፈው አለቀ። አንሶላ መሃል ቆማ፣ ብቻዋን ታየዋለች።

ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ። ሁልጊዜ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸው ያስችላል። ነገሩን ነገርኳቸው።

«ወርቄ፣ ልጅቷ እኮ ሞርሞን ሆናለች።»

አውቃለሁ አልኳቸው። ዓመት አልፏታል።

«እስቲ ሰዎቹን ላነጋግር።»

ሰናይት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ጫማ በግማሽ ዋጋ አግኝታ እየሳቀች። መመለስ አቃተኝ።

ረቡዕ

ጋሽ ታደሰ ዳንፎርዝ፣ እትዬ አበባ ቤት ነይ አሉኝ። ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። የማኅበራችን ሴቶች ተሰብስበዋል። መርዶውን ለማዘጋጀት መስሎኝ ነበር።

«እነሱ ለቅሶ ያውቃሉ እንዴ? ሰው ሲሞት ይዘፍናሉ አሉ።»

«ቡናም ሻይም ክልክል ነው። ለቀስተኛውን ውሃ አጠጥታ ልትሸኝ ነው?»

«አራት አምስት ሚስት ነው የሚያገቡት።»

«ሰናይት ታዲያ ስንተኛ ልትሆን ነው?» አለች አንዷ። «አንደኛ እንኳን ሆና አታውቅ፣ ምስኪን።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ በኋላ ነው የተናደድኩት።

እትዬ አበባ ነገሩን ቋጩት። «እኛ ሄደን ብናረዳት ሃይማኖቷን ተቀበልንላት ማለት ነው። የራሷ ሰዎች ይንገሯት።» ጋሽ ታደሰ ወለሉን ያያሉ።

«እናቷ እኮ የእኛው ናቸው፤ መነኩሴ ናቸው» አልኩ። ከአፌ የወጣው ይህ ብቻ ነው።

«እሳቸውንማ በጸሎት እናስባቸዋለን» አሉኝ እትዬ አበባ። ወሬው ወደ ቤት ኪራይ ዞረ።

ማለት የነበረብኝ ሁሉ ስመለስ ሳብዌይ ባቡር ውስጥ ነው የመጣልኝ፦

ሚስት ማብዛት ድሮ የቀረ ነው። ዛሬ ያንን የሚያደርገውን ራሳቸው ከቤተ ክርስቲያናቸው ያስወጡታል።

ዘፈን የምትሉት መዝሙር ነው። እኛስ ከበሮ እንመታ የለም?

እትዬ አበባ፣ ጉልበትዎን ኦፕራሲዮን ሲሆኑ ከሪጀንት ፓርክ ቤቷ እየተመላለሰች ያጠበችዎ ማን ነበረች?

ለማን ልበለው? ለመስኮቱ?

ሐሙስ

ጋሽ ታደሰ ደወሉ። የሚመጣ ሰው የለም። «እኔ ራሴ… እስቲ እናያለን።» እናያለን ማለት አልመጣም ማለት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ቀኑን ሙሉ በምሠራበት ወጥ ቤት ድስት ሳጥብ በንዴት ተቃጠልኩ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። የቀረውን ላይብረሪ ከሚጥላቸው መጻሕፍትና ከአሮጌ መጽሔት ነው የለቃቀምኩት። ሰናይት ሃይማኖት ስትቀይር በእልህ ስለ ሞርሞኖች ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ላሸንፋትና ልመልሳት ነበር። የሚወራባቸው ግማሹ ውሸት ሆኖ አገኘሁት። እውነት የሆነም አለ። ለረጅም ዘመን ጥቁር ሰው ክህነት እንዳይቀበል ከልክለው ኖረዋል። ይህን ትናንት ማንም አላነሳውም። አንድ ክፍል ሙሉ ጥቁር ሴቶች ተቀምጠን የምናወራው ስለ ሚስት ብዛት ነው።

መጽሐፋቸውን አላምንበትም። ለሰናይትም ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ፤ ሁለት ወር ተኮራርፈን ታርቀናል። ግን ያላሉትን አሉ ብዬ ብረታት ምኑን ረታሁት?

ልጄ ሜላት ምን ሆነሽ ነው አለችኝ፤ ነገርኳት።

«ማሚ፣ ጀስት ኮል አድርጊያት። ዳት ኢዝ ሶ ሚን፣ ክፋት እኮ ነው፣ እንዴት ትደብቂያታለሽ?»

የመርዶን ነገር ላስረዳት ሞከርኩ። አልገባትም። ሴቶቹ ያሉትን ስነግራት ግን ሳቀች።

«እኛንም እኮ እንደዛ ነው የሚሉን። ሃይስኩል እያለሁ አንዷ ስለ ታቦት ሰምታ ሳጥን ነው የምታመልኩት ብላኛለች።»

«ምን አልሻት?»

«ናቲንግ። ደከመኝ።»

ዓርብ

ዛሬ ያላሰብኩትን አደረግኩ። የሰናይት ቤተ ክርስቲያን ጓደኛ፣ ግሬስ የምትባል ፊሊፒናዊት አለች። አምና ሰናይት ስትታመም የግሬስን ቁጥር ሰጥታኝ ነበር። አይቻት አላውቅም። በምሳ ሰዓት፣ ከወጥ ቤቱ ኋላ ባለው ዕቃ ክፍል ገብቼ በሰባራ እንግሊዝኛዬ ደወልኩላት።

መጀመሪያ አዘነች። ቀጥላ «ከማክሰኞ ጀምሮ ታውቂያለሽ? የእናቷን ሞት? ይሄ ጭካኔ ነው» አለችኝ።

ጆሮዬ ጋለ። ስልኩን ልዘጋባት ነበር። አንድ ቀን አግኝታን የማታውቅ ሴት ወጋችንን በአንድ ቃል ጨረሰችው። ከዚያ የረቡዕ ሳቄ ትዝ አለኝና ዋጥኩት። ቀስ ብዬ ነገርኳት። መደበቅ አይደለም፤ ስትሰማ ብቻዋን እንዳትወድቅ፣ የሚይዛት ሰው አጠገቧ እንዲኖር ነው አልኳት።

«ይቅርታ፤ አላወቅኩም። ምን ልልበስ? ምን ይዤ ልምጣ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ከጀመርኩ አይቀር እኔም ጠየቅኋት። ለሞተ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ይጠመቅለታል የሚባለው እውነት ነው?

«እውነት ነው። ሟቹ ግን አልፈልግም ማለት ይችላል ብለን ነው የምናምነው።»

ጥቁር ሰው ክህነት መከልከሉስ?

«እውነት ነው። ሳስበው አፍራለሁ።»

አልሸሸችኝም። እንድትሸሽ ፈልጌ ነበር መሰለኝ። ያ የጥምቀቱ ነገር ግን አልወረደልኝም። የሰናይት እናት ቆብ ደፍተው፣ ቆርበው የሞቱ ሴት ናቸው። በስማቸው እንደገና ይጠመቁላቸዋል? በዚህስ ተናደድኩ። ይህ ቁጣዬ እውነት ነው፤ ማንም ያወራልኝ አይደለም።

ቅዳሜ

ከሰናይት ሕንፃ በር ላይ ስደርስ ግሬስ ከሁለት ሴቶች ጋር ቆማለች። ጥቁር ለብሰዋል። ሩዝና ምስር ይዘዋል። ከእኛ ወገን ማንም የለም። ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ፤ አያነሱም። ነጠላዬን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ጠበቅኩ። ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፤ እኔ ቁጣዬን አኝካለሁ። በቃ እኔው እናገራለሁ ብዬ ሊፍቱን ስጠራው ጋሽ ታደሰ ከሰማይ ዱብ አሉ።

«ፓርኪንግ ነው» አሉ። ከዚያ ሦስቱን ሴቶች አይተው «እነማን ናቸው?» አሉኝ።

«የራሷ ሰዎች ናቸው፣ ጋሼ። ቀድመውን መጥተዋል።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ። ጋሽ ታደሰ የሰናይትን በር ሲያንኳኩ ወደ ጎን ቆምኩ፤ ወጉ እንዲህ ነው፣ ልብሱን ቀድማ እንዳታይ። ግሬስን ወደ ጎን ቁሚ ማለት ረሳሁ።

ሰናይት በፒጃማ ከፈተችው። ጋሽ ታደሰን አየች፤ «እንዴ ጋሼ፣ በጠዋት?» አለች። ገና ፈገግ እንዳለች ነበረች። ግሬስን አየች። ቀጥሎ አንገቷን ብቅ አድርጋ እኔን አየች። እኔና ግሬስ ተገናኝተን እንደማናውቅ ታውቃለች።

«እናንተን ማን አስተዋወቃችሁ?» አለች።

አገላብጣ አየችን።

«እማዬ ናት» አለች።

ጋሽ ታደሰ ያዘጋጁትን ሳይናገሩ ቀሩ። ስትወድቅ በአንድ ወገን እኔ፣ በአንድ ወገን ግሬስ ነበርን። በደንብ አለቀሰች። አብረናት አለቀስን፤ ጋሽ ታደሰም። ግሬስ ቋንቋው አይገባትም፤ ለቅሶው ገብቷታል።

እሑድ

ጋሽ ታደሰ ከቅዳሴ በኋላ ምን ብለው እንደተናገሩ አላውቅም። ሰው መጣ፤ ሁሉም አይደለም። እትዬ አበባ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። «ይሄን ምግብ ማን ነው የሠራው?» ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ። ምስር ነው፣ ምስር ሃይማኖት የለውም አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ እንዲህ ስናገር ሰምተው አያውቁም። አልቀመሱም። ግን እስኪመሽ አልሄዱም።

ለቀስተኛው ሄዶ ሲያልቅ ሰናይትና እኔ ቀረን። ዝም ማለት እችል ነበር። ሌላው ቀን ይሻል ነበር ይሆናል። ግን ጠየቅኋት።

«ሰኒ፣ እናትሽን ታስጠምቂያቸዋለሽ?»

የተቀመጠችበትን ፍራሽ ጠርዝ ትዳብሳለች።

«ዓመት ሙሉ ሁሉም ስለ ሚስት ነው የሚጠይቀኝ» አለች። «ዋናውን የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ?»

«አላውቅም። እሷ ምን ትለኝ ነበር እያልኩ ነው የማስበው። ሳልነግርሽ አላደርገውም።»

«ብትነግሪኝ አይሆንም ነው የምልሽ። ዛሬም ነገም።»

«በይኝ ታዲያ» አለችኝ፤ ወደ ግድግዳው ተጠግታ ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።