የሦስተኛው ደረጃ ዕድሜ

ለሞንታልቬራ ከተማ የቅርስ ክብር አስከባሪ ክፍል የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ ለወገብዎም ብርታትን እመኛለሁ። ወገብዎን ያነሳሁት በከተማዎ መቀመጥ ክልክል ስለሆነ እርስዎም ቆመው የሚውሉ መስሎኝ ነው። እኔ ብዙ የማልናገር ሴት ነኝ። ደብዳቤ መጻፍ የተማርኩትም የባለቤቴ መሮዎች ከሚጠቀለሉባቸው አሮጌ ጋዜጦች ስለሆነ፣ ከማዕረግዎ ያነሰ ቃል ቢያገኙ ጥፋቱን ለጋዜጦቹ ይስጡልኝ።

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ፣ ኦገስት 9 ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ነፋስ የለም፤ የአደባባዩ ድንጋይ ጫማ አልፎ እግር ይለበልባል። በቦታው የነበርነው እኔ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ኒቬስ፣ የስድስት ዓመቷ ቴክላ፣ አንድ የእርስዎ ጥበቃ፣ እንዲሁም ቁጥራቸውን የማላውቅ እርግቦች ነን። እርግቦቹ ተቀምጠው ነበር።

ልጆቼን ይዤ ለዕረፍት በመምጣቴ ስላገኘሁት መስተንግዶ እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

፩. ስለ ሻንጣችን። በከተማዋ በር ላይ የሻንጣ ጎማ የጥንቱን ድንጋይ ሰላም እንደሚነሳ በትሕትና ተነግሮን፣ ሻንጣችንን ተሸክመን ሽቅብ ወጣን። ኒቬስ ድንጋዩ ተኝቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ልመልስላት ስል አሥራ ሁለት ጎብኚዎች የጫነ የማዘጋጃ ቤት ጋሪ እየተንገጫገጨ አለፈን። የእርሱ ጎማ ከድንጋዩ ጋር ትውውቅ ሳይኖረው አይቀርም።

፪. ስለ ምንጩ። አራቱ የድንጋይ አንበሶች ውሃ ይተፋሉ፤ ሰው ግን ከገመዱ ማለፍ አይችልም። ልጆቼ ውሃ በማየት ጥም መቁረጥን እንዲለማመዱ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። ገና አልለመዱትም።

፫. ስለ ካቴድራሉ ደረጃ። እዚህ ላይ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ የመጣነው ለዚህ ነውና።

እኛ የድንጋይ ጠራቢዎች ሸለቆ ሰዎች ነን። በእኛ ዘንድ ደረጃ ተሠርቶ ቢታጠብም፣ ተመርቆ ሪባን ቢቆረጥለትም፣ ከጠራቢው ቤት የመጨረሻው ልጅ እስኪቀመጥበት ድረስ አለቀ አይባልም። ልጁ የሚቀመጠው ጠራቢው አጠገቡ ሆኖ አንድ ዳቦ በልቶ እስኪጨርስ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የበዓል መድረክ የጫነ መኪናችሁ ወደ ኋላ ሲሄድ ሦስተኛውን ደረጃ ከሁለት ሲገምሰው፣ አዲሱን ጠርቦ የተካው ባለቤቴ ኦሬስቴ ነበር። ያን ጊዜ የቤታችን ትንሽ ልጅ ኒቬስ ናት፤ ኩፍኝ ይዟት ሳትቀመጥበት ቀረች። ከዚያ ቴክላ ተወለደች። ኦሬስቴ በየዓመቱ «በሚቀጥለው በጋ እንወስዳታለን» እያለ በጋ በጋን ወለደ። በዚህ ፌብሩዋሪ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ያላለቀ ሥራ አለብኝ አለ። የትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ሌላ ያላለቀ ሥራ አልነበረውም።

እናም ማክሰኞ ቴክላ ተንበርክካ ጣቷን ከደረጃው ከንፈር ሥር ሰደደች፤ የአባቷን ምልክት፣ እንደ ወፍ እግር ያሉትን ሦስት ጭረቶች አገኘቻቸው። ዞራ ልትቀመጥ ጉልበቷን ስታጥፍ ፊሽካ ተነፋ። ጥበቃው ይህ ድንጋይ ሰባት መቶ ዓመት ሙሉ የማንም ልጅ መጫወቻ እንዳልነበረ አስረዱን። ቴክላ አባቷ እንደሠራው ነገረቻቸው።

«ታዲያ አባትሽ ሰባት መቶ ዓመት ሞላው በይኛ፣ የኔ እመቤት! እንዴት ቢጠነክር ነው?»

«አልሞላውም» አለች ቴክላ። «ሞቷል።»

ጥበቃው ባርኔጣቸውን አነሱ። ነገር ግን ብዕራቸው ወጥቶ ነበር፤ የመንግሥት ብዕር ደግሞ አንዴ ከወጣ ሳይጽፍ አይመለስም። ልጄ ቅርስ በመንካትና ለመቀመጥ በመሞከር ለአርባ ስምንት ሰዓት ከአደባባዩ መታገዷን የሚገልጽ ወረቀት ተሰጣት። ስም፦ ቴክላ ፔደርዞሊ። ዕድሜ፦ ስድስት። ሥራ የሚለው መስመር ባዶ ነበር። የእኛ የመመለሻ አውቶቡስ በማግስቱ ነው። ቴክላ እስከ ማታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሷ ካልተቀመጠች አባዬ ሥራውን ሳይጨርስ የሄደ ሰው ይባል እንደሆነ።

፬. ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳዎ። ይህን ከልቤ አመሰግናለሁ። ማታ በእርጋታ ደጋግሜ ሳነበው፣ «መንካትና መቀመጥ ክልክል ነው» ከሚለው ሥር «በጥገና ላይ ከተሰማሩ ሠራተኞች በስተቀር» ይላል።

በማግስቱ ጠዋት ያደረግሁትን አንድም ሳልጨምር አንድም ሳልቀንስ አስመዘግባለሁ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በቴክላ የእገዳ ወረቀት ላይ፣ ሥራ በሚለው መስመር «ድንጋይ ጠራቢ» ብዬ በእርሳስ ሞላሁ። የኦሬስቴን የቆዳ ሽርጥ ሦስት ጊዜ አጥፌ ለቴክላ አስታጠቅኋት፤ ሆኖም መሬት ይጠርግ ነበር። ከማረፊያችን በባልዲ ባመጣሁት ውሃ ሦስተኛውን ደረጃ በብሩሽ አጥቤ በጨርቅ አደረቅሁ። ቴክላ ተቀመጠች። ኒቬስ ወረቀቱን ይዛ አጠገቧ ቆመች። እኔም በኦሬስቴ ፈንታ ዳቦውን ቆርሼ መብላት ጀመርኩ። በአደባባዩ መብላትም ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ፤ እባክዎ ይመዝግቡልኝ።

እኩሌታው ላይ ስደርስ ጥበቃው መጡ። ኒቬስ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። አነበቡት፤ ሽርጡን አዩ፤ ሰሌዳውን አዩ። ምን ያህል እንደቀረኝ ጠየቁኝ፤ የቀረውን ዳቦ አሳየኋቸው። ፊሽካቸውን ኪሳቸው ከትተው ጀርባቸውን ሰጡንና ወደ አደባባዩ መግቢያ እያዩ ቆሙ።

«ቀስ ብለው ይብሉ፣ ሲኞራ» አሉ ሳይዞሩ።

ቀስ ብዬ በላሁ። ፍርፋሪውን ለቅሜ ባልዲው ውስጥ ጨመርኩ። ቴክላ ተነሣች። በአንድ ሰዓት ተኩሉ አውቶቡስ ሄድን።

የእኒህን ጥበቃ ስም ለማወቅ እንደሚጓጉ እገምታለሁ። ያሳዝናል፣ ረስቼዋለሁ፤ ፊርማቸውም አይነበብም፤ መልካቸውንም ፀሐይ ጋርዶብኛል።

በከተማዎ በቆምኩባቸው ሰዓታት ሁሉ ልክ የማከብርዎ፣

ኦርሶላ ፔደርዞሊ
የድንጋይ ጠራቢው የኦሬስቴ ፔደርዞሊ ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ደረጃዎቹ ሁሉ ሰባት መቶ ዓመታቸው ነው የሚለው ሰሌዳ ይታረም። ሦስተኛው ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ያለቀው ደግሞ ባለፈው ረቡዕ። ከተጠራጠሩ ተንበርክከው ጣትዎን ከሥሩ ይስደዱ። ብቻ ሲነኩ ማንም እንዳያይዎ፤ አርባ ስምንት ሰዓት ከቢሮዎ ርቀው ቢቆዩ ከተማዋ ምን ይውጣታል?